ቶርች ይዞ ልቅሶ ቤት

አኳሪየም ቤቱ ያስገባ ሰው ባዶ ቦታ ማየት አይችልም። ሳሎናችን ጥግ ባለው ባለ 40 ጋሎን ውሃ ውስጥ፣ በስተቀኝ፣ ከሐመር ኮራሉ አለፍ ብሎ፣ መዳፍ የማታክል ራቁቷን የቀረች ድንጋይ ነበረች። እንግዳ አያያትም። እኔ ግን ከሥራ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ የማየው እሷን ነው። ነገሩ የተጀመረው ልጄ «ኔሞ ግዛልኝ» ስትለኝ ነበር። ዓሣዋ ተገዛች፣ ልጄ ወዲያው ረሳቻት፣ እኔ ደግሞ ይኸው ጨው እየበጠበጥኩ፣ ቴርሞሜትር እየነከርኩ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ወደ 35 ግራም ጨው መኖሩን እየለካሁ እኖራለሁ። ባለቤቴ «አገሪቱ ባሕር አጥታ አንተ ሳሎን ታስገባለህ» ትለኛለች። በተለይ የመብራት ሒሳብ የመጣ ዕለት።

ለድንጋይዋ ኮራል መምረጥ ነበረብኝ። ኮራል መምረጥ ደግሞ፣ ወዳጄ፣ ልጅ ለመዳር ዘር እንደ መቁጠር ነው፤ መልክ ብቻ አይበቃም፣ ከማን ጋር ጎረቤት ሊሆን እንደሚችል ይጠየቃል። ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ያኖራል፤ አልጌው በብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ኮራሉ ተቀምጦ ይበላል። እስከዚህ ድረስ የዋህ ነው። ሲመሽ ነው ጸባዩ የሚወጣው። ጋላክሲያ የሚሉት ለምሳሌ ቀን ቀን ጨዋ ነው፤ ሌሊት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ክር እየዘረጋ ጎረቤቱን ሲለበልብ ያድራል። ተሰረዘ። ዜኒያ እጆቿን ስትጨብጥና ስትዘረጋ ላያት ልብ ትሰርቃለች፤ ቀይ ባሕርም ውስጥ ስላለች የአገር ልጅ ናት ብዬ ትንሽ አድልቼላት ነበር። ግን አንዴ ከገባች ድንጋዩን ሁሉ ትወርሳለች ተባልኩ። አክሮፖራ የቅምጥል ልጅ ነው፤ ካልሲየሙ ቢዛባበት፣ ሙቀቱ ቢለዋወጥበት፣ በአንድ ሌሊት ሥጋው ተገፎ ነጭ አጥንቱን ታገኘዋለህ። ዞዋን ደግሞ ባለቤቴ ከለከለች። ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ክፉ መርዝ እንዳላቸው እኔው ራሴ፣ ዕውቀቴን ላሳያት ብዬ፣ እራት ላይ ነግሬያት ነበር።

ብዙ ካመሸሁ በኋላ ዳንከን ላይ ወሰንኩ። ዳንከን ጠንካራ ነው፣ ጸባየኛ ነው፣ ዋጋውም አያስደነግጥም። ስሙን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት በአንድ የጃንዋሪ ቅዳሜ ወደ ሱቁ ነዳሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱስ አልለቀቀም።

ሱቅ ውስጥ ነጭ መብራት የለም። ሁሉም ሰማያዊ ነው። ኮራል በዚያ ብርሃን ከውስጡ የሚፈካ ቀለም አለው፤ አረንጓዴው ይነድዳል፣ ብርቱካኑ ይፍማል፣ ሰው ራሱ ጥርሱ ሲያበራ ያምራል። እዚያ መሐል ነው ቶርች የሚሉትን ኮራል ያየሁት። ረጃጅም ጣቶቹ ወርቅ፣ ጫፋቸው ደግሞ ሐምራዊ ሆኖ፣ ፓምፑ ውሃውን በገፋው ቁጥር እስክስታ ይወርዳል። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ብዬ ለዳንከኑ አዘንኩለት።

«አጠገቡ ምን አለ?» አለኝ ሻጩ፣ ገና ጢሙ ያልበቀለ ልጅ።

«ሐመር።»

«ቶርች ሐመርን ያቃጥላል። ዘመድ ናቸው፣ ግን አይዋደዱም።»

«ይስማማሉ» አልኩት፣ ሁለቱንም አስታርቄ የመጣሁ ይመስል።

ዋጋው 140 ዶላር ነበር። ከፈልኩ። ልጁ ኮራሉን ከነውሃው ፌስታል ውስጥ ከተተ፣ አፉን በላስቲክ አሰረና፣ «ብርድ ነው፤ በፎም ሣጥን ላድርግልህ? 6 ዶላር ነው» አለኝ። ስድስት ዶላር! ለሣጥን! «ቤቴ ቅርብ ነው» ብዬው ወጣሁ።

መኪናውን ሳስነሳ ባለቤቴ ደወለች። «የት ነህ?»

«መንገድ ላይ ነኝ።» ይኼ ለሁሉም ጥያቄ የሚሆን መልስ ነው።

«መርዶውን ጠዋት ነግረውታል። ሰው ሁሉ እዚህ ነው፤ ያንተ ዓይን ብቻ ነው የጠፋው። ቀጥታ ና።»

ወዳጄ እናቱ አርፈውበታል። አባቴ ሲያርፍ ከቤቴ ያልጠፋ ሰው ነው፤ ኮራል አድርሼ ልምጣ አይባልም። መኪና ውስጥ ትቼው እንዳልገባ ውጭው ከዜሮ በታች ነው፣ ኮራል ደግሞ 25 እና 26 ዲግሪ የለመደ ፍጡር ነው። ስለዚህ ፌስታሉን በካፖርቴ ውስጥ፣ ከልቤ በላይ፣ አስቀመጥኩትና ዚፑን እስከ አገጬ ዘጋሁት።

በር ላይ አንዲት ልጅ «ካፖርትዎን ልቀበልዎት» አለችኝ።

«ተይው፣ ይበርደኛል።»

ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ ሰው ያፈላል። ሴቶቹ በነጠላ ያራግባሉ። እኔ ካፖርቴን እንደ ለበስኩ፣ ደረቴን ወደ ኋላ ሰብቄ፣ ከወገቤ ብቻ ጎንበስ ብዬ ወዳጄን በትከሻው ጫፍ አቀፍኩት። ያየኝ ሰው የተጣላን ይመስለዋል። እሱ እንባው አላሳየውም እንጂ እሱም ይቀየመኝ ነበር። እንደምንም አልፌ ወደ ወንበሮቹ ሳመራ ግን ከፊቴ እማማ ተነሡ። እማማን የአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ ልቅሶ ቤት ሁሉ ያውቃቸዋል፤ እሳቸው ያላቀፉት ሐዘንተኛ አዘነ አይባልም። «ልጄ! እናታችንን ሸኘናት እኮ!» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መጡ። ወደ ኋላ ልሸሽ ስል ግድግዳ ነው።

ጧ አለ።

የቶርች ሥጋው ለስላሳ ነው፤ የተቀመጠበት አጥንት ግን ጠርዙ ስለት አለው። ፌስታሉ ተበሳ፣ የባሕሩ ውሃ ለብ እንዳለ በሆዴ ወርዶ፣ ቀበቶዬን አልፎ፣ በሁለቱም እግሮቼ ወደ ካልሲዬ ገባ። ግራጫ ሱሪ ነበር የለበስኩት። ግራጫ ሱሪ ምሥጢር አይጠብቅም። እማማ ቀስ ብለው ለቀቁኝ፣ ወደ ታች አዩ፣ ወደ ላይ አዩኝ፣ ከዚያ ጆሮዬ ሥር ተጠግተው፣

«ልጄ፣ ስኳር አለብህ?» አሉኝ።

«ኧረ የለብኝም እማማ።»

«አይዞህ፣ አትፈር። የኔም ባለቤት ሲጀምረው እንዲሁ ነበር» አሉና ነጠላቸውን ወገቤ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ወዲያው ሁለት ሴቶች ጠርተው ዙሪያዬን አስከለሉኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምንም ያላየው ሰው ሁሉ ያየው ያኔ ነው።

ስሜን ለማዳን ዚፑን ከፍቼ የተኮማተረውን ፌስታል አወጣሁ። ቶርቹ ጣቶቹን ሰብስቦ ቡጢ የማታክል ጉብታ ሆኗል። አንድ ቅን ወጣት፣ ይባረክና፣ ከእጄ ነጥቆ ወደ ኩሽና ሮጠ። ሳህን አነሣ፣ ቧንቧውን ከፈተ። ሳሎኑ ውስጥ ቄሱ ጸሎት ጀምረዋል፣ ሰው ሁሉ ቆሟል። የቧንቧ ውሃ ጨው የለውም፣ ክሎሪን አለው፤ ኮራል ቢቆይበት አበቃ።

«ተው! ይሞታል!» ብዬ ጮኽኩ።

ጸሎቱ ተቋረጠ። ጠዋት መርዶ የሰማው ወዳጄ ያበጡ ዓይኖቹን ወደ እኔ አነሣ። «ማነው ደግሞ የሚሞተው?»

እንደዚህ ላለ ጥያቄ ልቅሶ ቤት መሐል ምን ተብሎ ይመለሳል? «ቶርች ነው» አልኩ። ማንም አልገባውም። ቄሱ ዝም ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ካቆሙበት ቀጠሉ። ጸሎቱ አልቆ ንፍሮው ሲዞር ግን ጥያቄው ወረደብኝ።

«ድንጋይ ነው?» አሉ አንድ ጋሼ።

«እንስሳ ነው ጋሼ።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«ይዋለዳል?»

«ሲቆረጥ ይበዛል።»

ጋሼ ይኼን ጊዜ ወስደው አሰቡበት። «ታዲያ ስንት ገዛኸው?»

ባለቤቴ ከወዲያ ታየኛለች። «እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» አልኩ። ያ ቅን ወጣት ግን ፌስታሉ ላይ ረጥቦ የተጣበቀውን ደረሰኝ ሲያላቅቅ፣ መነጽርም የማያስፈልገው ነውና፣ «መቶ አርባ ዶላር» ብሎ አነበበው። ካርታ የሚጫወቱት እጃቸውን አቆሙ። አንዱ ወደ ብር መታው፣ ሌላው ወደ በግ። ባለቤቴ አልተናገረችም፤ ንፍሮዋን አንድ በአንድ ነው የምትበላው።

ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ ያለ ኮራል ውሃው ሲሸሽ አየር ላይ ወጥቶ እንደሚቆይ አውቅ ነበርና ተስፋ አልቆረጥኩም። ችግሩ እርጥቡን ማቆየት ነው፤ በቤቱ ውስጥ የቀረው የባሕር ውሃ ደግሞ ሸሚዜ ላይ ያለው ብቻ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሸሚዜን አወለቅሁ፣ ቶርቹን ጠቀለልኩበት፣ በባዶ ገላዬ ላይ ካፖርቴን ለብሼ እማማን እጅ ነሥቼ ወጣሁ። «ሂድ፣ ታጠብ» አሉኝ በርኅራኄ።

ቶርቹ ተርፏል። ቤት ባለው ነጭ መብራት ግን ወርቁ የለም፤ ያ ሥጋው ውስጥ ያለው አልጌ ቀለሙ ቡናማ ነው፣ እኔም በ140 ዶላር የገዛሁት ቡናማ ነገር ነው። ከሐመሩ እንዲርቅ ብዬ በግራ ጥግ ላይ አቆምኩት። በስተቀኝ ያለችው ድንጋይ አሁንም ራቁቷን ናት።

እማማ በማግስቱ አንድ ማሰሮ አብሽ ከሐኪም ስልክ ቁጥር ጋር ላኩ። ባለቤቴ በየጠዋቱ በጥብጣ ትሰጠኛለች፤ የለብኝም ስላት «ጠጣ» ነው መልሷ፣ እንደ ቅጣት ይሁን እንደ መድኃኒት አልጠየቅኋትም። የአርባው ዕለት ስንሄድ ሻይ ያለ ስኳር መጣልኝ። ማንንም አላዘዝኩም። ወንበርም ተይዞልኝ ነበር፣ ትራስ ያለበት፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ።