ለሚመለከታት ሁሉ

ልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ለዘመኑ አፍቃሪ ብዙ ሊያስተምሩት በቻሉ ነበር፤ ደግነቱ አፍቃሪው ትምህርት አያሻውም። ቴሌግራም አለው። የፍቅር መልእክት የሚለጠፍበት ቻናል ይከፍታል፣ ከላይ ያገኘውን ኮፒ ያደርጋል፣ ይልክላታል። ስርዝ ድልዝ የለ፣ እንቅልፍ ማጣት የለ። «የሕይወቴ ብርሃን፣ ያለ አንቺ አንድ ደቂቃ መኖር አልችልም» ይላል መልእክቱ፤ ላኪው በዚያው ሰዓት ያለ እሷ ዘጠና ደቂቃ ኳስ እያየ ነው። ጽሑፉ መጀመሪያ ለወንድ የተጻፈ ከሆነ ጥቂት ሥራ አለበት፦ «አንተ» የሚለውን «አንቺ» ማድረግ። ትጉሁ አፍቃሪ ተውላጠ ስሙን ያርምና ግሱ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። ስለዚህ ልጅቷ «አንቺ ስትስቅ ቀኔ ይበራል» የሚል ልብ የሚነካ ቃል ይደርሳታል። ጥፋቱ የአማርኛ ነው እንጂ የማን ነው? ግሱን በጾታ ባይለይ ኖሮ ማን ይነቃ ነበር!

ሕጉ ግን እንደ ልጅቷ ታጋሽ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 222፣ የክስ አቤቱታ የከሳሽና የተከሳሽን ስምና አድራሻ፣ ለክሱ ምክንያት የሆነውን ነገር፣ መቼና የት እንደተፈጠረም ጭምር እንዲገልጽ ያዛል። የክስ ምክንያት የማይታይበት አቤቱታ በቁጥር 231 መሠረት ውድቅ ይሆናል። በቁጥር 92 ደግሞ የጻፍኩት እውነት ነው ብሎ አረጋግጦ መፈረም አለ። የኛን የፍቅር መልእክት በዚህ ብንመዝነው፣ አመልካቹ ቻናሉ ነው፤ ተጠሪዋ ማንም ልትሆን ትችላለች፤ መቼና የት የሚባል ነገር የለም፤ ለእውነትነቱም ፈራሚ አይገኝም። ይኸው ሰው ታዲያ ትዳር መሥርቶ፣ ትዳሩ ፈርሶ፣ የጋራ ንብረት ክፍፍል ላይ ሲደርስ ተአምረኛ ጸሐፊ ይወጣዋል፦ ፍሪጁ ከየትኛው ሱቅ፣ በስንት ብር፣ በማን ደመወዝ እንደተገዛ፤ በየትኛው ቀን፣ በነማን ፊት ምን ተብሎ እንደተሰደበ አንድም ሳያስቀር ይዘረዝራል። የማስታወስ ችሎታው እስከዚያ ድረስ የት ተቀምጦ እንደነበር እንጃ።

«ሁሉም ሰው ደራሲ አይደለም፤ ስሜቱ አለ፣ የጠፋው ቃሉ ነው» የሚል ጠበቃ ይነሳል። መልካም። ኪራይ የቀረባት አከራይ፣ ያበደረው ገንዘብ የቀለጠበት ነጋዴም ደራሲዎች አይደሉም። ጸሐፊው ዘንድ ቁጭ ብለው የሆነውን እንደሆነ ይናገራሉ፤ ቅኔ የጠየቃቸው ዳኛ የለም። ልጅቷም አልጠየቀችም። ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ አባቶቻችንስ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» እያሉ ሁሉም አንድ ዓይነት ይጽፉ አልነበረም? ፊደል ያልቆጠረውስ በሰው እጅ ያስጽፍ አልነበረም? እውነት ነው። ነገር ግን ያ ሰላምታ ደጃፍ ነበር፤ ከሱ ቀጥሎ ላሟ መውለዷ፣ ዝናቡ መዘግየቱ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ ማለቱ ይከተላል። ጸሐፊውም የሚጽፈው የአስጻፊውን ጉዳይ እንጂ የጎረቤቱን አልነበረም። አሁን ደግሞ ቻናሉም እያረጀ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን «ለፍቅረኛዬ ከልብ የመነጨ ደብዳቤ ጻፍልኝ» ማለት መጥቷል። ትልቅ እድገት ነው፦ ማሽኑ ልጅቷን አያውቃትም፣ ልጁ ደብዳቤውን አላነበበውም፤ ሁለቱም ከአድልዎ ነጻ ናቸው።

እና ዛሬ ማታ ልትልክ ያሰብክ ወንድሜ፣ ቁጥር 222ን ብቻ ተከተል። ስሟን ጻፍ። መቼና የት ልብህ እንደደነገጠ ጻፍ፤ ልደታ ባቡር ጣቢያ ዝናብ ሲያባርራችሁ ጥላዋን አጋርታህ ከሆነ እሱኑ ጻፍ። ሁለት መስመር ይበቃል። የሚጻፍ ካጣህ ግን የክስ ምክንያት የለህም፤ መዝገቡን ዝጋና ልጅቷን አታስቸግራት።