የአባቴ ሮመር

አባቴ ሮመር ሰዓቱን ሲሞላ ቤታችን ውስጥ ማንም ትንፍሽ አይልም። ጠዋት ጠዋት ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጠዋል። «ስዊዝ ነው» ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። በጎንደር የስድስት ሰዓት ሰርግ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚሞቅ እያወቀ፣ እሱ ግን ለስድስት ሩብ ጉዳይ ባዶ ዳስ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ይገኛል።

ሰዓቱን ስወርስ አመሉንም አብሬ ወረስኩ። ኅዳር ላይ ወደ ሰሜን ተራሮች ስነሣ ኪሴ ውስጥ ስዊዞች የሠሩት ካርታ ነበር። እዚያ ተራራ ላይ ስዊዞች እንግዳ አይደሉም። በርንሃርድ ኒቨርገልት የዋልያን አኗኗር አጥንቷል፤ የበርኑ ሃንስ ሁርኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 ፓርኩን በኃላፊነት ይዞ እዚያው ኖሯል። ካርታው አንድ ለመቶ ሺህ ነው፦ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ኪሎ ሜትር። ዳገቱን የወጣ ጉልበት ግን በሴንቲ ሜትር አይስማማም።

ከሳንካበር ወደ ግጭ ስንሄድ ጭላዳዎችን ተከትዬ ከመንገድ ወጣሁ። ጉም መጥቶ ሸፈነን፤ ሲገለጥ መንገዱ የለም። አብረውኝ ያሉት የፓርኩ ጥበቃ ስካውት ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። እሳቸውን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ስዊዝ ሰዓት ያሰረ ሰው መንገድ ይጠይቃል? ዱሮ ያነበብኳት ዘዴ ትዝ አለችኝ፦ ሰዓት ቆጣሪውን ወደ ፀሐይ ታዞራለህ፤ በእሱና በ12 ቁጥር መካከል ያለው አቅጣጫ ደቡብ ነው። አራት ሰዓት ሆኗል። ደቡብን አገኘሁ፤ ግጭ በምሥራቅ ስለሆነ ወደ ግራ ታጥፌ ገሠገሥኩ። በየአምስት ደቂቃው ሮመሬን አያለሁ። ስካውቱ ከኋላዬ ዝም።

ሃምሳ ደቂቃ እንደሄድን መሬቱ አለቀ። ከእግሬ ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ቆላው በጭጋግ ውስጥ ተዘርግቷል። ካርታው ገደሉን አሳይቶ ነበር፤ በታጠፈው በኩል ሆኖ ነው ያላየሁት።

ሮመሩ አንዲት ደቂቃ አልዋሸም። ዘዴዋ ግን ረፋዱን አሥር ሰዓት ለሚል ሰው የተጻፈች ናት፤ እኔ አራት እላለሁ። አባቴ ሲሞላው የኖረው በሐበሻ አቆጣጠር ነው፤ የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ቆጣሪውን ፊቱን አዙሮታል። ደቡብ ያልኩት ምሥራቅ፣ ምሥራቅ ያልኩት ሰሜን ሆኖ አረፈው። ሰሜን ተራራ ላይ ቆሜ ሰሜን ጠፋኝ፤ ይህን ለማን ይነግሩታል?

«ምነው ጋሼ፣ እያዩኝ ዝም አሉ?» አልኳቸው።

ጠመንጃቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሰዓትህን እያየህ ስትጣደፍ» አሉኝ፣ «ቀጠሮ ያለህ መስሎኝ።»