ባሕሩን ሳይነኩ ብራይተንን መጎብኘት

ብራይተን የተባለችው የደቡብ እንግሊዝ ከተማ ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ትርቃለች። ሰው ወደዚያ የሚጎርፈው ለባሕሯ ሲል ነው ይባላል። እኔ እዚህ ላይ ሙግት አለኝ። የከተማዋን መስህቦች አንድ በአንድ ላያቸው ሰው፣ የተሠሩት ጎብኚውን ባሕሩ አጠገብ ካደረሱ በኋላ ከባሕሩ እንዲያድኑት ነው። ነገሩ ሲጀመርም በፍላጎት ሳይሆን በሐኪም ትእዛዝ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) በ1750 ሪቻርድ ራስል የተባለ ሐኪም የባሕር ውሃ ለዕጢ ሕመም ፍቱን ነው ብሎ በላቲን ጻፈ፤ መታጠብ ብቻ ሳይሆን መጠጣትም አዘዘ። ጠበል ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ይኸኛው ጨው የበዛበት ነው እንጂ አጥማቂ እንኳ ነበረው። ማርታ ገን የምትባል ስመ ጥር ሴት፣ ባለ ጎማ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ልብሳቸውን ለውጠው የሚወጡትን ወይዛዝርት እየተቀበለች ውሃው ውስጥ ትነክር ነበር። ክንደ ብርቱ ሴት ተቀጥራ ካልደፈቀች የማይገባበት ባሕር፣ ሰው ወዶ የሚገባበት ባሕር ነው ለማለት ይከብዳል።

የከተማዋ ዋና መስህብ ሮያል ፓቪልዮንም ከእኔው ወገን ይመሰክራል። በኋላ ጆርጅ አራተኛ የተባለው ልዑል ከ1815 እስከ 1822 በአርክቴክቱ ጆን ናሽ ያሠራው ይህ ቤተ መንግሥት ከውጭ የሕንድ ጉልላት፣ ከውስጥ የቻይና ጌጥ ነው። የግብር አዳራሹ ጣሪያ ላይ ዘንዶ አንድ ቶን ያህል የሚመዝን መብራት አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ የማዕድ ቤቱ ምሰሶዎችም ዘንባባ ሆነዋል። ሕንድ አለ፣ ቻይና አለ፣ በረሃው እንኳ አልቀረም፤ የጠፋው ባሕሩ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ከመስኮቷ የምታየው ባሕር ቁራሽ ብቻ መሆኑን አማርራ ጽፋለች። በ1850 ከተማው ቤተ መንግሥቱን በ53,000 ፓውንድ ገዝቶ ገላገላት።

ለሙግቴ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን ማግነስ ቮልክ ነው። ይህ መሐንዲስ በ1883 በባሕሩ ዳር የዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር ዛሬም ይሠራል፤ እስካሁን ከሚሠሩት የዓለም የኤሌክትሪክ ባቡሮች በዕድሜ የሚቀድመው የለም። ቮልክ ግን ዳር ዳሩን መሄድ አልበቃውም። በ1896 ሐዲዱን ባሕሩ ውስጥ አነጠፈና፣ ሰባት ሜትር ገደማ በሚረዝሙ እግሮች ላይ የቆመ ሳሎን የሚያህል ፉርጎ ሠርቶ፣ መንገደኞቹን ከማዕበሉ በላይ በደረቅ ወንበር እስከ ሮቲንግዲን መንደር ማመላለስ ጀመረ። ሕጉ ግራ ገባው፤ ባቡር እንዳይለው ባሕር ውስጥ ነው፣ መርከብ እንዳይለው ሐዲድ ላይ ነው። በመጨረሻ መርከብ ነው ተባለና ፈቃድ ያለው ካፒቴንና የነፍስ አድን ጀልባ ተመደበለት። ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ማዕበል ገለበጠው፤ ቮልክ መልሶ ሠራው፤ በ1901 ግን ጉዞው ቀረ። ባሕር ውስጥ ገብቶ ባለመንካት ረገድ የሰው ልጅ ከዚህ የበለጠ የለፋበት ጊዜ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አንድ ተከራካሪ፣ ፒየር የሚሉት ባሕር ውስጥ ዘልቆ የሚቆመው ድልድይ ለመርከብ እንጂ ለሽሽት አልተሠራም ይለኝ ይሆናል። እውነቱን ነው፤ በ1823 የተከፈተው የመጀመሪያው የብራይተን ፒየር ወደ ፈረንሳዩ ዲየፕ የሚሄዱትን ያሳፍር ነበር። ነገር ግን የመርከቡ ሥራ ወደ ኒውሄቨን ወደብ ከዞረ በኋላም ሕዝቡ እየከፈለ ተንሸራሸረበት፤ ማዕበል እስኪወስደው ድረስ። በ1899 የተከፈተው ፓላስ ፒየር ደግሞ ከመነሻው ለመዝናኛ የታሰበ ነው። ጎብኚው 525 ሜትር በውሃ ላይ ይራመድና ሲጨርስ ሳንቲም የሚውጥ የጨዋታ ማሽን ፊት፣ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ይቆማል። ዌስት ፒየር የተባለው ሌላው ደግሞ በ1975 ተዘግቶ በ2003 ተቃጥሎ የብረት አጽሙ ቀርቷል፤ ማንም የማይረግጠው ስለሆነ ፎቶ አንሺው ሁሉ ይወደዋል። በዚሁ አጽም አጠገብ በ2016 የተከፈተው 162 ሜትር ማማ ባሕሩን ከመስታወት ጀርባ፣ ከሰማይ ያሳያል። ርቀቱ እየጨመረ መሄዱን ልብ ይሏል።

ውሃው ቀዝቃዛ፣ ዳርቻውም እግር የሚወጋ ጠጠር ስለሆነ ነው እንጂ ምን ያድርጉ የሚልም አለ። ለቅዝቃዜ ከሆነ ለንደን መቅረት በነጻ ነው። የእንግሊዞች ጥበብ ባሕሩን ትቶ መቅረት አይደለም፤ እስከ ዳሩ ድረስ ሄዶ፣ የድንች ጥብሱን ከሚቀማው የባሕር ወፍ እየተከላከሉ፣ በካፖርት ማየት ነው። የሚከብደው ተቃውሞ የብራይተን ዋናተኞች ማኅበር ነው። ከ1860 ጀምሮ አለ፤ አባላቱ በክረምትም ይዋኛሉ። እነዚህን መካድ አልችልም። ነገር ግን ጥር ላይ አንዱ ዋናተኛ ውሃ ሲገባ ዳር ቆሞ የሚያየውን ሰው መቁጠር ነው፤ ዋናተኛውም ከከተማዋ መስህቦች አንዱ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ያውም ቲኬት የማይቆረጥበት።