የአያ አንበሶ ጋራዥ

ተረት ተረት!
የላም በረት!

ከዕለታት አንድ ቀን እንስሳት ተሰብስበው፣ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት፣ ጎሐ ጽዮን ላይ የከባድ መኪና ጋራዥ ከፈቱ። አያ አንበሶ አለቃ ሆነ። በሬ ጎማ ያወርዳል፤ ከርከሮ ይበይዳል፤ እመት ጦጢት ደግሞ ፈትታ የማትገጥመው የለም። እመት ኤሊ ፍሬን ፈታሽ ናት። ተሳቢ ሥር በሆዷ እየተሳበች ሌላው የማይሰማውን የንፋስ ፉጨት ትሰማለች። ኤሊ «ይውጣ» ሳትል ምንም መኪና አይወጣም ነበር።

ሥራው ሲበዛ አያ አንበሶ ደጃፉ ላይ ሰሌዳ አቆመ፤ በየቀኑ የወጣውን መኪና ቁጥር ይጽፍበት ጀመር። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቀን ሥጋውም ሣሩም ይጨመራል። ዝቅ ባለ ቀን ሁሉም ኤሊ ላይ ያፈጣል።

አንድ ማለዳ አያ ጅቦ ለልጁ ሰርግ አጥንት ጭኖ፣ ደጀን ለመድረስ ተጣድፎ መጣ። ኤሊ ገብታ ወጣችና «የንፋስ ቱቦው ተነድሏል፤ ይደር» አለች።

«እኔን ያስቸገረኝ ቱቦ ሳይሆን ጩኸት ነው!» አለ ጅቦ። ንፋስ ሲጎድል ጋቢና ውስጥ የሚጮኸውን ደወል ማለቱ ነው።

«የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» አለ በሬ፣ ለራሱ ቀንድ ሰግቶ፣ በለሆሳስ።

አያ አንበሶ ሰሌዳውን አየ፤ ከዚያ ጦጢትን አየ። ጦጢት የደወሉን ሽቦ በፒንሳ ቆረጠችው። «ዳነ!» ተባለ።

መኪናው ግን በሩ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። የከባድ መኪና የኋላ ፍሬን ብርቱ ሞላ አለው። ሞላውን ገፍቶ ጎማውን የሚለቀው ንፋስ ነው፤ ንፋሱ ሲያልቅ ሞላው ይፈታና ጎማውን ጨምድዶ ይይዛል። ሠሪዎቹ «ካልሆነለት ይቁም እንጂ አይሩጥ» ብለው ያበጁት ነው።

«አፉን ብትዘጉት በእግሩ ተናገረ» አለች ኤሊ።

ጦጢት መላ አታጣም። ሞላውን ጨምቆ የሚያስር ረጅም ብሎን አለ፤ የተበላሸ መኪና ለመጎተት ሲባል የተሠራ። እሱን አጠበቀችውና ጎማው ተለቀቀ። አያ አንበሶ ሰሌዳው ላይ አንድ ጨመረ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ጅቦ ፍሬን ረገጠ፤ ያዘለት። ደግሞ ረገጠ፤ ላላበት። ሦስተኛውን ሲረግጥ ምንም የመለሰለት የለም። ደወሉ አልጮኸም፤ ሞላውም አልያዘም። አጥንቱና ተሳቢው ገደል ገቡ። ጅቦ ከጋቢናው ዘሎ ነፍሱን አተረፈ፤ እስከ ዛሬ የሚያነክሰውም ከዚያ ወዲህ ነው።

አያ አንበሶ ሸንጎ ጠራ።

«እኔ አንዲት ሽቦ ቆረጥኩ፣ አንዲት ብሎን አዞርኩ» አለች ጦጢት።

«እኔ ቸኮልኩ እንጂ ምንም አልነካሁም» አለ ጅቦ።

«እኔ ቁጥር ነው የጻፍኩት» አለ አያ አንበሶ። ከዚያም ሁሉም ወደ ኤሊ ዞሩ። «ካወቅሽ ለምን ጮክ ብለሽ አልተናገርሽም?»

«በየትኛው ሽቦ፣ ጌታዬ?» አለች ኤሊ።

በዚህ ድፍረቷ ከጋራዡ ተባረረች።

በማግስቱ አያ አንበሶ ራሱ ደጀን ሊወርድ መኪና አዘዘ። አንድ እግሩን ጋቢናው ላይ አሳርፎ «ማን ፈተሸው?» ሲል፣ በሬ መሬት መሬቱን አየ፤ ጦጢትም ፒንሳዋን ወደ ጀርባዋ ሸሸገች። አያ አንበሶ ወረደና ኤሊን አስጠራ።

«እመለሳለሁ፤ ግን ሰሌዳው ላይ የወጡትን ትተው የተመለሱትን ይጻፉ» አለች። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ቁጥር አነሰ፤ ጅቦም እስከ ዛሬ ያጉረመርማል። አያ አንበሶ ግን ያን ቀን ደጀን ደርሶ ተመለሰ፤ በአዲሱ ሰሌዳ ላይም የመጀመሪያው ቁጥር የእሱ ሆነ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።