ሻማው ተከሷል፦ በጎንደር ሳሎን አየር ላይ የተደረገ ምርመራ

ጎንደር ላይ መብራት ሲሄድ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ፤ ከአዘዞ እስከ ቁስቋም ልዩነት የለውም። መጀመሪያ ከየቤቱ «ሄደ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ሻማ በስልክ መብራት ይፈለጋል። በመጨረሻም ሻማውን ንፋስ እንዳያጠፋው በሩና መስኮቱ ጥርቅም ተደርገው ይዘጋሉ። ይህ ጥናት የሚያተኩረው በሦስተኛው ላይ ነው።

በሻማ ላይ የቀረበው ክስ የታወቀ ነው። የሱቅ ሻማ በአብዛኛው ፓራፊን ነው፤ ፓራፊን ደግሞ የነዳጅ ዘር ነው። ሲነድ ብናኝ ይለቃል። ከብናኙም የሚፈራው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው፣ ከራስ ፀጉር ሠላሳ እጥፍ ያህል የሚቀጥነው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የቀን አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ሳሎኑ መመሪያው ገና አልደረሰውም።

ተከሳሹ ግን በክፍሉ ውስጥ ብቻውን አልነበረም። መብራት ከሄደ ቴሌቪዥን የለም፤ ቴሌቪዥን ከሌለ ቡና ይፈላል። ከሰሉ ይቀጣጠላል። ቡናው በብረት ምጣድ ይቆላና ጭሱ ሲትጎለጎል ምጣዱ በየእንግዳው አፍንጫ ሥር ይዞራል። እንግዳውም ጭሱን በመዳፉ ወደ ራሱ እየሳበ «እሰይ!» ይላል። ተጎጂው ጭሱን በገዛ እጁ ስቦ ምስጋና የሚያቀርብበት እንዲህ ያለ ሁኔታ በአየር ብክለት ሳይንስ ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባዋል። ዕጣኑ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ሲያስለው «ይሄ ሻማ ነው፣ አጥፉት!» ይባላል። ሻማው እፍ ተብሎ ይጠፋል፤ በዕድሜው ሙሉ ያላወጣውን ጭስም የሚያወጣው ያን ጊዜ ነው። ክሱ በማስረጃ ተረጋገጠ።

መስኮት ይከፈት የሚል እንግዳ አልፎ አልፎ ይገኛል። «ኧረ ተው ልጄ፣ ብርድ ይመታሃል!» ይባላል፤ ጉዳዩም ይዘጋል፣ መስኮቱም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናትና ክርክሩ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። ደባርቅ ላይማ ሌሊቱ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስንት የጤና ባለሙያ አስመርቋል። ሆኖም እናቱ ቡና ስታፈላ ስለ ብናኝ የሚያነሣ ምሩቅ ይህ ጥናት አላጋጠመውም።

«ጧፍ ግን ከንጹሕ ሰም ነው» የሚል መከላከያም ይቀርባል። እዚህ ላይ ተመራማሪው የጥቅም ግጭት እንዳለበት ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ጎንደሬ በንብ ጉዳይ ገለልተኛ ሊሆን አይችልም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያተረፋት ወራሪውን የነደፈ የንብ መንጋ ነው ይባላል። ይህን ውለታ ትቶ የሰምን ጭስ የሚወቅስ ሰው አገር መልቀቅ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ በለሆሳስ እናስቀምጠው፦ ሰምም ሲነድ ብናኝ አለው፤ ነበልባሉ ሲንቀጠቀጥ ጥላሸቱ ይበዛል።

ለነገሩ ጭስ በአገራችን ባለውለታ እንጂ ተከሳሽ ሆኖ አያውቅም። በዳባትና በደባርቅ ገጠር ጭስ መውጫ በሌለው ጎጆ ውስጥ ኩበትና እንጨት ይነድዳል፤ ጭሱ በሣሩ ክዳን እየሾለከ ነቀዝ ያባርራል፣ ጣራውንም ያቆያል። የጣራው ጥቀርሻ ደግሞ ለብራና ጸሐፊ ጥቁር ቀለም ሆኖ አገልግሏል፤ ማለትም ከቤተ መጻሕፍታችን ከፊሉ ጭስ ነው። ለአራስ ወይባ፣ ለጠላ ጋን ወይራ ይጨሳል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ደግሞ በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ እያሰብን በየደጁ ቆሻሻ እናቃጥላለን፤ አየሩን በጭስ እናጥባለን። ዘዴው ከመቶ ዓመት በላይ ሥራ ላይ ውሏል፤ ሳሉም አብሮት።

በዚህ መሐል የዓለም ጤና ድርጅት ግምት አለ፦ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ዋናው መንሥኤ ምግብ የሚበስልበት እንጨት፣ ኩበት፣ ከሰልና ላምባ ነው።

ስለዚህ ሻማው ክሩ በአጭሩ ተቆርጦ፣ ከንፋስ መንገድ ፈቀቅ ብሎ እንዲቀመጥ በማስጠንቀቂያ ይለቀቅ። ከሰሉ በረንዳ ላይ ተቀጣጥሎ ይግባ፤ ቡናው እስኪያልቅም መስኮቱ ገርበብ ይበል፤ ብርድ የፈራ ጋቢ ይደርብ። ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ግን ማንም እንዳይተኛ። ፈሙ ቀላ ማለት ጭሱ አለቀ ማለት እንጂ ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛንም ሰው አያስነሣም።