ሳይታወቃት የያዘችው ትንፋሽ

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው። ክረምቱን ሙሉ ስልኳ ላይ ተደፍታ የእንግሊዝኛ ልብወለድ ስታነብ ከረመች። ፊቴን ሳጨማድድ አይታ፣ «ጋሼ፣ ሳታነባቸው አትናቃቸው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አራቱን ተውሼ ጨረስኩ፤ ንቀቱም ለቀቀኝ። አሁን የያዘኝ የባለታሪኮቹ ጤና ጉዳይ ነው።

በተለይ ሳንባቸው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ልጅቷ ከበሩ ወዲያ ኮቴ ትሰማለች። ኮቴው ያልፋል። ይሄኔ መያዟን እንኳ ያላወቀችውን ትንፋሽ እፎይ ብላ ትለቃለች። በሁለተኛው መጽሐፍ ሌላ ልጅ፣ በሌላ መንግሥት፣ በሌላ በር ሥር ቆማ ይህንኑ ትንፋሽ ትለቃለች። ሦስተኛዋ ሁለት ጊዜ ለቀቀች። ሐኪሞች እንደሚሉት ጤነኛ አዋቂ ሰው ዐረፍ ባለበት በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ እነዚህ ግን አየር ማቆራቸውን የሚያውቁት ሲወጣ ነው። እንዲህ ያለ ሳንባ እኛ ዘንድ ቢገኝ ሩጫውን ትተን በውሃ ዋና ወርቅ በወርቅ እንሆን ነበር።

ወንዱም ደህና አይደለም። በተናደደ ቁጥር፣ ባፈቀረም ቁጥር፣ መንጋጋውን ግጥም አድርጎ ይነክሳል፤ ጉንጩ ላይ አንዲት ጡንቻ ትዘላለች። እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ጥርስ የሚተርፈው በምን ተአምር እንደሆነ እንጃ። ፈገግ ሲል በአፉ አንድ ጎን ብቻ ነው፤ በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለውን ልጅ ብርድ መትቶታል ብለን ሐኪም ቤት እንወስደዋለን እንጂ አናፈቅረውም። ዓይኑን «ቡናማ ነው» ብሎ የሚያልፍ ደራሲ የለም፤ የወርቅ ፍንጣቂ ሊኖርበት ግድ ነው። የስቴፈኒ ሜየር ቫምፓየር በፈረንጆቹ 2005 በ«ትዋይላይት» ወርቃማ ዓይን ይዞ ሲመጣ ቢያንስ ምክንያት ነበረው፦ የሰው ደም ትቶ የአውሬ ደም ስለሚጠጣ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ምን ጠጥተው እንደሆነ አልተነገረንም።

ርዕሶቹንማ ወደ አማርኛ መልሼ በተርታ ስጽፋቸው የበዓል ማግስት ትዝ አለኝ። በ2011 ሌይኒ ቴይለር «የጭስና የአጥንት ልጅ»ን አወጣች። በ2012 ሊ ባርዱጎ በ«ጥላና አጥንት» ተከተለች። በ2015 ሳባ ታሂር «በአመድ ውስጥ ያለ ፍም»፣ በ2018 ቶሚ አዴየሚ «የደምና የአጥንት ልጆች»። ጭስ፣ አጥንት፣ ፍም፣ አመድ፣ ደም፤ ቅርጫው ተካፍሎ አልቆ ውሻ ብቻ የቀረበት ግቢ! (አዴየሚ እንኳ ከዮሩባ እምነት የተቀዳ የራሷ የሆነ ዓለም ይዛ መጥታለች፤ ደጃፉ ላይ ግን ያው አጥንት ተሰቀለበት።) ሥጋውን ማን እንደወሰደው የሚናገር ርዕስ እየጠበቅሁ ነው።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ልዩነታቸውን ነው። እያንዳንዷ ልጅ እንደ ሌሎች ልጆች አይደለችም፤ ይህንንም ገና ከመነሻው ራሷ ትነግረናለች። ሱዛን ኮሊንስ በ2008 ባወጣችው «ሀንገር ጌምስ» የ16 ዓመቷ ካትኒስ ታሪኳን በራሷ አንደበት፣ በአሁን ጊዜ ግስ ታወራለች፦ እሮጣለሁ፣ አነጣጥራለሁ፣ እወረውራለሁ። ብልሃት ነበር። 24 ልጆች ገብተው አንድ ብቻ በሚወጣበት ሜዳ «ሮጥኩ» ብትል መትረፏን ባወቅን ነበር። በ2011 ቬሮኒካ ሮዝ መጣች። የእሷ ትሪስ በአምስት ጎራ በተከፈለች ቺካጎ ውስጥ በአንድ ጎራ ብቻ የማትወሰን ልጅ ናት፤ የመጽሐፉ ስም ራሱ «ዳይቨርጀንት»፣ የተለየች እንደ ማለት ነው። ይህች የተለየች ልጅ ዕድሜዋ 16፣ ተራኪዋ ራሷ፣ ግሷም የአሁን ጊዜ። ከዚያ ወዲህማ ሞት በማያሰጋበት ቤት ቁርስ የሚበላው ሁሉ በአሁን ጊዜ ይበላል፤ ዳቦዬን አነሳለሁ፣ ሻዬን አማስላለሁ፣ ትንፋሼን እለቃለሁ።

ፈረንጅ አማሁ እንጂ እኛስ? መቃ አንገት፣ ሰልካካ አፍንጫ፣ ሎሚ ተረከዝ ያላት ቆንጆ ስንቴ ተዳረችልን? አፍንጫዋ ደፍጠጥ ያለ ልጅ በአማርኛ ልብወለድ አግብታ አይቻለሁ ብል እዋሻለሁ።

ደራሲዎቹን ብቻ መውቀስም ግፍ ነው። ሳራ ጄ. ማስ በ2016 ብቻ እያንዳንዳቸው ከ600 ገጽ በላይ የሆኑ ሁለት መጻሕፍት አውጥታለች። ይህን ያህል የሚጽፍ ሰው ትንፋሹን መቼ እንደያዘ ባያውቅ ምን ይደንቃል? ነጋዴውም «ያኛውን ከወደዳችሁ ይህኛውንም ትወዳላችሁ» ብሎ ነው የሚሸጠው። ቲክቶክ ላይ ደግሞ «ጠላት የነበሩ ፍቅረኞች»፣ «አንድ አልጋ ብቻ የቀረበት ማደሪያ» እየተባለ እንደ ምግብ ቤት ዝርዝር ይነበባል። ሽሮ ያዘዘ ሰው ሽሮ ቢመጣለት አይከፋም፤ ይህ ይገባኛል። እኔን የሚከነክነኝ ሽሮው «እንደ ሌሎች ሽሮዎች አይደለሁም» እያለ መቅረቡ ነው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። «ጋሼ ደግሞ፣ እኛ እኮ እናውቃለን! እዚያ ጋ ስንደርስ እየሳቅን ነው የምናልፈው» አለችኝ። እንግዲያው ያላወቀው አርታኢው ብቻ ነው። እናንት አርታኢዎች፣ ኪቦርዳችሁ ላይ ኮንትሮልና ኤፍ የሚባሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንድ ላይ ተጭናችሁ «ትንፋሽ» ብላችሁ ፈልጉ።