ያልተጻፈ ድምፅ የለም

ካፑስቲንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ጣቱ በመራው የሚሄድ የምሽት ክበብ ፒያኒስት ይመስለዋል። ስዊንጉ አለ፤ የጃዝ ፒያኒስቱን ኦስካር ፒተርሰንን የሚያስታውሱ ሩጫዎች አሉ፤ ግራ እጁ እንደ ቤዝ ጊታር ይራመዳል። ኖታው ሲገለጥ ግን እያንዳንዱ ድምፅ፣ ያቺ ሳይታሰብ ያመለጠች የምትመስለው ጌጥ ሳትቀር፣ ተጽፏል። ሰውየው ራሱ የጃዝ ሙዚቀኛ አይደለሁም፣ የሙዚቃ ደራሲ ነኝ ይል ነበር። በቅጽበት የመጣ ዜማ ወረቀት ላይ ሲወርድ ገና ሊሻሻል ይችላል ብሎ ያምን ነበር። እኔ ለካፑስቲን ያለኝ ፍቅር ከዚህ እምነቱ ይጀምራል። ነፃ የሚመስለውን ነገር ቁጭ ብሎ፣ ሰርዞ ደልዞ መሥራት ትልቅ ትዕግሥት ነው።

ኒኮላይ ካፑስቲን በ1937 እ.ኤ.አ. ዩክሬን ውስጥ ጎርሎቭካ ተወለደ። ሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ያስተማረው አሌክሳንደር ጎልደንቫይዘር ነው፤ ያ ለቶልስቶይ ቤቱ ድረስ እየሄደ ፒያኖ ይጫወትለት የነበረው ጎልደንቫይዘር። ተማሪው ግን ልቡን ለጃዝም ሰጥቶ ነበር። በ1961 ሲመረቅ ወደ ኦሌግ ሉንድስትሬም የጃዝ ኦርኬስትራ ገባና እስከ 1972 እዚያው ቆየ። ባኽ እንዳደረገው በሁሉም ቁልፍ 24 ፕሪሉድና ፉጋ ጽፏል፤ ሃያ የፒያኖ ሶናታና ስድስት ኮንቸርቶም አለው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ባለፈው ክረምት የገጠመን ነገር ስለማይለቀኝ ነው። ፒያኒስት ጓደኛዬ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ከካፑስቲን ስምንት የኮንሰርት ኤቲዩዶች (ኦፐስ 40፣ 1984) የተወሰኑትን ሊጫወት ተስማማ። እኔ ገጽ ገላጩ ነበርኩ። ዝናቡ ከሰዓት ጀምሮ ሲወርድ ዋለ፤ መንገዱ ጎርፍ ሆነ፤ ኖታውን ከጃኬቴ ሥር ሸጉጬ እንደ ምንም ደረስን።

ፒያኖው ተቃኝቷል ተብለን ነበር። ጓደኛዬ ተቀምጦ ሲሞክረው መሐል ላይ ያለ አንድ ቁልፍ ወርዶ ቀረ። ክረምት እንዲህ ያደርጋል፦ እንጨቱም፣ ቁልፉ የሚወዛወዝበትን ብረት ያቀፈው ጨርቅም እርጥበት ጠጥተው ያብጡና ይያያዛሉ። ሌላ ሙዚቃ ቢሆን ባልከፋ። ሦስተኛው ኤቲዩድ፣ ቶካቲናው፣ ግን አንድን ድምፅ ደጋግሞ በመምታት ላይ የቆመ ነው። ሴባስቲያን ኤራር የፈለሰፈው፣ በ1821 የተመዘገበው ዘዴ ግራንድ ፒያኖ ላይ ቁልፉ እስከ ላይ ሳይመለስ እንደገና እንዲመታ ያስችላል። የሆቴሉ ግን የቆመ ፒያኖ ነበር። የቆመ ፒያኖ ይህ የለውም፤ ደህናውም ቢሆን እዚያ ላይ ይፈተናል።

ኃላፊው መጣና ዐየት አደረገው። «ጃዝ አይደል እንዴ፣ ወንድሜ? ያንን ድምፅ ዝለለውና ከራስህ ጨምርበት።»

ጓደኛዬ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔም ደሜ ፈላ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ነገር ግን ካፑስቲን አምኖበት የጻፈውን ድምፅ መዝለል እኔ የምቀበለው ነገር አይደለም፤ አንዱ ከወጣ ቀጥሎ ያለው ምት መቆሚያ ያጣል።

መብራትም ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ የሆቴሉ ኤሌክትሪሺያን ፒንሳ አመጣልን፤ በስልክ መብራት የፊቱን ሳንቃ አነሣን፤ ጓደኛዬ ቁልፉን አውጥቶ ያበጠውን ጨርቅ ቀስ እያለ ጨመቀው። እንግዶቹ በጨለማ ሻይ እየጠጡ ጠበቁን። ያ ትዕግሥታቸው እስከ ዛሬ ያስደስተኛል።

ቶካቲናውን በታዘዘለት ፍጥነት ተጫወተው። ቁልፉ መሐል ላይ እንደገና ያዝ አደረገ፤ ድምፁ ጎደለ፤ እሱ ግን አልቆመም።

ሲያበቃ በወጣትነታቸው በማርሽ ባንድ ክላሪኔት ይነፉ የነበሩ አዛውንት ወደ ፒያኖው መጡ። «የትኛው ነው ያንተ ጭማሪ?» አሉት።

«ምንም የለም፣ አባባ። ሁሉም ተጽፏል።»

አላመኑም። ኖታውን ሰጠናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር በጣታቸው ተከተሉ። ከዚያ የት እንደሚሰሙት ጠየቁኝ። ካፑስቲን ራሱ የቀረጸውን፣ ከዚያም ማርክ አንድሬ ሃሜሊን የተጫወተውን ነገርኳቸው። ስሞቹን የሂሳብ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፉና «ከነዚህ ቀጥሎስ?» አሉኝ። ሁለተኛውን ሶናታ አልኳቸው።